ቀዩ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ኤረርና ዋርኒንግ አመዳደብ የተሰጠ ምላሽ

ኮድ የሚጽፉ ወዳጆቼ ሰሞኑን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሲቀባበሉ ነበር። ኮድ በምንጽፍበት ፕሮግራም፣ በኤዲተራችን፣ ውስጥ የሚወጡት ኤረሮች (የስህተት መልእክቶች) እና ዋርኒንጎች (ማስጠንቀቂያዎች) እንዴት ይመደቡ የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ ሲጻፍ ማየት በራሱ ደስ ይላል። ጸሐፊው ቀጥተኛ ሰው ናቸው፤ የሚሉትን ሳያድበሰብሱ ይላሉ። እኔም ሳላድበሰብስ ልመልስ።

ላላነበባችሁት ጭብጡ ይኸውና። አንደኛ፣ የኤረር ቀይና የዋርኒንግ ቢጫ የአደጋ መጠን መለኪያ ስለሆኑ ሁልጊዜ ከቀዩ ጀምራችሁ ወደ ቢጫው ውረዱ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ዋርኒንግ የሚባለውን ደረጃ አጥፍቶ ሁሉንም ኤረር ማድረግ ይሻላል። ሦስተኛ፣ ኤዲተሮች ከሁለቱ በላይ የጨመሯቸው ደረጃዎች ጌጥ ናቸው። አራተኛ፣ ደረጃውን ኮምፓይለሩ (ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ይወስን እንጂ ተጠቃሚው እጁን አያስገባ። አምስተኛ፣ ለጀማሪ ተማሪ ዋርኒንግ ይደበቅለት፤ ያስደነግጠዋል። (ሁለተኛውና አምስተኛው እንዴት አንድ ጽሑፍ ውስጥ አብረው እንዳደሩ አልገባኝም። ዋርኒንግ ሁሉ ኤረር ከሆነ የሚደበቀው የትኛው ነው?)

ከቀለሙ ልጀምር። የሌላው ሁሉ መነሻ እሱ ነውና።

በመርሁ ቀይ መስመር የሚለው «በቋንቋው ሕግ ይህን ኮድ መቀበል አልችልም» ነው። ቢጫው ደግሞ «ተቀብዬዋለሁ፣ ግን ጠርጥሬያለሁ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ኮምፓይለሩ ሥራ ነው። ያ መስመር ነገ ደንበኛ ፊት ምን ያህል ያዋርዳችኋል ለሚለው ጥያቄ መልስ የላቸውም።

አንድ ቫሪያብል ፈጥራችሁ ሳትጠቀሙበት ቀራችሁ እንበል። ጎ በተባለው ቋንቋ ላይ ከሆናችሁ ኮዱ ጭራሽ ኮምፓይል አይሆንም። ቀይ። የጎ ኮምፓይለር ዋርኒንግ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ ያሳልፋል ወይ ይጥላል። ሲ ቋንቋ ላይ ከሆናችሁ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር በ«ደብሊው-ኦል» (የተለመዱትን ዋርኒንጎች በሚያበራው ምርጫ) ስታስኬዱት ዋርኒንግ ይሰጣችኋል፤ ያለዚያ ዝም ነው። ታይፕስክሪፕት የተባለውን ቋንቋ በቪኤስ ኮድ ኤዲተር ስትጽፉ ደግሞ የቫሪያብሉ ስም ደብዘዝ ይላል፣ በቃ። ጥፋቱ አንድ ነው። ጉዳቱም አንድ ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀለሙ ግን ሦስት ዓይነት ሆነ።

ይባስ ብሎ ታይፕስክሪፕት ላይ «ኖ አንዩዝድ ሎካልስ» የሚለውን ምርጫ ካበራችሁ ያው ቫሪያብል ተርሚናል ላይ ኤረር ሆኖ ይወጣል። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ግን በቢጫ ይሰመርበታል። ኤዲተሩ እንዲህ ያሉ የስታይል ጉዳዮችን ወደ ዋርኒንግ ዝቅ የሚያደርግበት ሴቲንግ አለው፤ ያውም ማንም ሳይነካው በርቶ የሚመጣ። አንድ መስመር፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ማዕረግ ይዟል ማለት ነው።

የታይፕስክሪፕት ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ፋይላችሁ በቀይ ተጥለቅልቆ እያለ እንኳ ኮዱ የሚተረጎምበት ጃቫስክሪፕት ተሠርቶ ይወጣል። «ኖ ኤሚት ኦን ኤረር» የሚለውን ካላበራችሁ ማንም አይከለክላችሁም። ቀይ ማለት ቁም ማለት ነው የሚለውንም ሁሉም አያከብረውም።

ተቃራኒውን ደግሞ እንይ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አፕል በ2014 ፌብሩዋሪ ላይ ለአይፎን አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። ችግሩ የነበረው የምንገናኘው ሰርቨር እውነተኛው መሆኑን የሚያረጋግጠው ኮድ ውስጥ ነው። አንድ «ኢፍ» (ቅድመ ሁኔታ) አለ። ከሥሩ «ጎቱ ፌይል» (ወደ መውጫው ዝለል) የሚል መስመር ገባ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያ ሥር ያው «ጎቱ ፌይል» ድጋሚ ተጽፏል፣ እኩል ገባ ብሎ። ቅንፍ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው የ«ኢፉ» ነው፤ ሁለተኛው ግን የማንም አይደለም፣ ሁልጊዜ ይሠራል። ከሥሩ ያለው የፊርማ ማረጋገጫ አይደረስበትም። ኤረር መያዣው ቫሪያብል እስከዚያ ዜሮ ስለሆነ ፋንክሽኑ «ሁሉም ሰላም» ብሎ ይመለሳል።

ቀይ አልነበረበትም። ክላንግ የተባለው ሌላ የሲ ኮምፓይለር በ«ደብሊው-ኦል» እንኳ ቢጫ አይሰጥበትም ነበር፤ የማይደረስበትን ኮድ የሚያሳየው ዋርኒንግ ለብቻው ካልተጠራ አይመጣም። ጂሲሲ እንዲህ ያለውን አሳሳች አሰላለፍ የሚይዝ ዋርኒንግ ያስገባው በ2016፣ በ6ኛው ስሪት ነው። በጸሐፊው መለኪያ ይህ ኮድ ከአደጋ ነፃ ነበር።

ቀለሙ ራሱም በአንድ ቦታ አይረጋም። ሲ ላይ አስቀድሞ ያልተዋወቀ ፋንክሽን መጥራት በ1999ኙ ስታንዳርድ ከቋንቋው ወጥቷል። ኮምፓይለሮች ግን የቆየ ኮድ እንዳይሰበር ብለው ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቢበዛ በዋርኒንግ አሳለፉት። ክላንግ በ2023 ኤረር አደረገው፣ ጂሲሲ በ2024፣ በ14ኛው ስሪት። አደጋው ግን ያኔም ያው ነበር። ኮምፓይለሩ የማያውቀውን ፋንክሽን «ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል» ብሎ ይገምታል። ፋንክሽኑ የሚመልሰው የሚሞሪ አድራሻ ከሆነ፣ 64 ቢት ማሽን ላይ አድራሻው ወደ 32 ቢት ተቆርጦ ይደርሳችኋል። ፕሮግራሙ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ ይወድቃል። ምክንያቱ የታለፈ ቢጫ መስመር ነው።

በዚሁ ምሳሌ ከቀዩ ጀምሩ የሚለውን ምክር ፈትኑት። ከ14ኛው በፊት በነበረ ጂሲሲ፣ «ደብሊው-ኦል»ን አብርታችሁ፣ «ፕሪንትኤፍ» የሚለውን የማተሚያ ፋንክሽን አንድ ፊደል አዛንፋችሁ ጻፉ። ኮምፓይለሩ ይህን ፋንክሽን አላውቀውም ብሎ ዋርኒንግ ይሰጣል፤ ፋይሉን፣ የመስመር ቁጥሩን፣ ቦታውን ሁሉ ይዞ። ከዚያ ሊንከሩ (የተተረጎሙትን ክፍሎች የሚያያይዘው ፕሮግራም) ይመጣና በቀይ «ይህ ስም የትም አልተገኘም» ይላል፤ ብዙ ጊዜ የመስመር ቁጥር እንኳ ሳይሰጥ። ጸሐፊው እንዳሉት ከቀዩ ብትጀምሩ የምትጀምሩት ከማያሳየው ነው። ጣቱን ጥፋቱ ላይ ያሳረፈው ቢጫው ነበር።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከክብደቱ ይልቅ ከአመጣጡ። መጀመሪያ የተፈጠረው የትኛው ነው፣ የቀሩት የሱ ልጆች ናቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያዋጣል።

አማርኛ የሚያትም ፕሮግራም የጻፈ ሰው የሚያውቀው ምሳሌ ልስጥ። ጽሑፉን ለማስገባት ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ትቀይራላችሁ። ትዕምርተ ጥቅሱን ትዘጋላችሁ። ኪቦርዱን ሳትመልሱ የመስመሩን መዝጊያ ትመታላችሁ። የላቲኑ ሴሚኮለን መሆን በነበረበት ቦታ የኛው ድርብ ሰረዝ (፤) ይገባል። ከ10ኛው ስሪት በፊት የነበረ ጂሲሲ ይህን ሲያገኝ ፕሮግራሙ ውስጥ የባዘነ ነገር አለ ብሎ ሦስት ኤረር ይደረድራል፦ አንዱ 341፣ አንዱ 215፣ አንዱ 244 የሚል ቁጥር ይዞ። ድርብ ሰረዝ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው፤ ቁጥሮቹ ባይቶቹ በስምንት ቤት ሲጻፉ ነው። ከዚያ አራተኛ ይከተላል፦ ሴሚኮለን ጠብቄ ነበር ይላል። የተመታው አንድ ቁልፍ ነው። ዝርዝሩ ላይ ግን አራት ቀይ ተሰለፈ።

አራቱም ቀይ ስለሆኑ የጸሐፊው ደንብ አይለያቸውም። የሚለያቸው ቅደም ተከተላቸው ነው። ኮምፓይለር አንድ ቦታ ሲደናቀፍ የሆነ ሴሚኮለን ወይም ቅንፍ እስኪያገኝ ዘሎ ይቀጥላል። ከዘለለ በኋላ የሚያየው ሁሉ የተዛባ ስለሆነ ሌላም ሌላም ያወጣል። ቪኤስ ኮድ የፕሮብለምስ (የጥፋቶች) ዝርዝሩን ካልነካችሁት በስተቀር በክብደት ነው የሚደረድረው። «ሶርት ኦርደር» የሚለውን ሴቲንግ ወደ «ፖዚሽን» ቀይሩት። የፋይሉን የመጀመሪያ ጥፋት አስተካክሉ፣ እንደገና ኮምፓይል አድርጉ፣ ከዚያ የቀረውን እዩ። በኤፍ8 ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ይቻላል፤ አይጤ መንካትም አያስፈልግም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ሁሉንም ዋርኒንግ ኤረር ማድረግ ብዙ ጥሩ ቡድኖች የሚሠሩበት አካሄድ ነው። ዋርኒንግ ሲጠራቀም ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሁለት መቶ ቢጫ ያለበት ፕሮጀክት ውስጥ የሚጨመረውን አዲስ ቢጫ ማንም አያየውም። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስም በ2021 ሴፕቴምበር ላይ ይህንኑ ለሊኑክስ ከርነል (ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ዲፎልት፣ ማለትም ማንም ሳይነካው በርቶ የሚመጣ፣ አድርጎት ነበር። ከርነሉ ግን በብዙ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ በብዙ ዓይነት ኮምፓይለር ነው የሚሠራው። አንዱ ጋ ያለ ዋርኒንግ የሚያልፍ ኮድ ሌላው ጋ አያልፍም። ኮምፓይል አልሆንልን አለ የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው መጣ። በቀናት ውስጥ ዲፎልቱ ለሙከራ ኮምፓይል ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ከርነል የሚጽፉ ሰዎች ያልቻሉትን አምስት ሰው ያለው ቡድን ላይ እንደ ሕግ መጫን ያስቸግራል።

አዲስ የኮምፓይለር ስሪት አዲስ ዋርኒንግ ይዞ ይመጣል። ቅድም ያነሳሁት የአሰላለፍ ዋርኒንግ ከጂሲሲ 6 ጀምሮ በ«ደብሊው-ኦል» ውስጥ ገብቷል። ዋርኒንግ ሁሉ ኤረር በሆነበት ፕሮጀክት ማንም ያልነካው ኮድ ኮምፓይለር በተቀየረ ማግስት ሊወድቅ ይችላል።

የባሰው ግን ሰው ላይ የሚያመጣው ጠባይ ነው። ሥራው እስኪያልፍ የሚታገል ዴቨሎፐር ምን እያለኝ ነው ብሎ ማንበብ ይተዋል፤ እንዴት ዝም ላስብለው ወደሚለው ይሄዳል። የዴቢያን ታሪክ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በ2006 ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በያዘው የኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ኮድ) ፓኬጅ ላይ ቫልግራይንድና መሰል የሚሞሪ መፈተሻ መሣሪያዎች ያልተሞላ ሚሞሪ እየተነበበ ነው ብለው ያማርሩ ነበር። ቫልግራይንድ ኮምፓይለር አይደለም፤ ዋርኒንጉን የሚያነበው ሰው ግን ያው ሰው ነው። ዝም እንዲሉ ተብሎ ቅሬታውን ያመጣው መስመር ከኮዱ ወጣ። አብሮ የወጣው መስመር የራንደም ቁጥር ማመንጫውን የሚመግበው ዋናው ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚፈጠሩትን የምስጠራ ቁልፎች የሚለያያቸው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ቢበዛ 32,768 ምርጫ። ይህን ያህሉን ማንኛውም ላፕቶፕ ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል። ነገሩ የተደረሰበት በ2008 ሜይ ነው። እስከዚያ በዚህ ፓኬጅ የተፈጠሩ የኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያ) ቁልፎች ተለቅመው መቀየር ነበረባቸው። ቅሬታውን እናጥፋ ሲባል ከድጡ ወደ ማጡ ተገባ።

እኔ የምመርጠው መለየትን ነው። ዋጋ ይመልሳል ተብሎ ሳይመልስ የሚያልቅ ፋንክሽን በ«ደብሊው-ኤረር» (ዋርኒንግን ኤረር በሚያደርገው ምርጫ) ለብቻው ተጠርቶ ኤረር ይሁን፤ ጂሲሲም ክላንግም ዋርኒንግን በስሙ ጠርቶ ከፍ ማድረግ ይፈቅዳሉ። ጅምላውን ደግሞ የኮምፓይለሩ ስሪት የተቆለፈበት የሲአይ ሰርቨር (የቡድኑን ኮድ በራሱ ኮምፓይል አድርጎ የሚፈትን ማሽን) ላይ አብሩት። ኤዲተሩ ላይ ግን ቢጫው ቢጫ ይሁን። ገና እየተጻፈ ያለ ኮድ ያልተጠቀማችሁበት ቫሪያብል ቢኖረው ምን ይገርማል? ጎ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ለጊዜው አንዲት የማተሚያ መስመር ኮሜንት ሲያደርጉ (እንዳትሠራ ሲያግዱ) ከላይ የማተሚያውን ጥቅል የሚጠራው «ኤፍኤምቲ» ኢምፖርት ሥራ ፈት ይሆናል፣ ፕሮግራሙም አልሄድም ይላል። ሊፈትኑ የፈለጉትን ትተው ኢምፖርት ሲያጠፉና ሲመልሱ ይውላሉ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮድኤንቪ ጋር በ2016 ይፋ ያደረገው ላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል (የቋንቋ መሣሪያዎች ከኤዲተር ጋር የሚነጋገሩበት ደንብ) አራት ደረጃ አለው፦ ኤረር፣ ዋርኒንግ፣ ኢንፎርሜሽን፣ ሂንት። ሦስተኛው፣ ሰማያዊው፣ ብዙም ሲጠቅም አላየሁም። ቢቀር አይናፍቀኝም።

ሂንት ግን ጌጥ አይደለም። ያልተጠቀማችሁበትን ስም የሚያደበዝዘው፣ ጊዜው ያለፈበትን ፋንክሽን ስሙ ላይ መስመር የሚያሳልፍበት በዚህ በኩል የሚመጣ መልእክት ነው። ሳይጮህ ይነግራችኋል። ዝርዝሩ ላይም አይቆለልም። ጸሐፊው በሁለት ደረጃ ብቻ እንሥራ ሲሉ ይህ ሁሉ ወይ ቢጫ ሆኖ ይጮሃል ወይ ጭራሽ ይጠፋል።

ደግሞ ፕሮቶኮሉ የሚልከው ደረጃን ብቻ አይደለም። መልእክቱን ማን እንደላከው ይልካል፤ የኤረሩን ኮድ ይልካል፤ ከጥፋቱ ጋር የሚገናኝ ሌላ ቦታ ካለ ያንንም ይልካል። ጸሐፊው አንዱንም አላነሱም። ለእኔ ከቀለሙ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። አንድ የድረ ገጽ ፕሮጀክት ክፈቱ። አንዱ ቀይ መጨረሻው ላይ «ቲኤስ 2322» ይላል፤ የዳታው ዓይነት አልገጠመም ማለት ነው፣ ፕሮግራሙን ሊያበላሽ ይችላል። ሌላው ቀይ «ኢኤስሊንት» (የጃቫስክሪፕት ኮድ መርማሪ) ይላል፤ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ክፍት ቦታ ረስተሃል ማለት ነው። ሁለቱም እኩል ቀላ። ጸሐፊው ኤዲተሩ ይጮህብናል ሲሉ ይህን ከሆነ እውነታቸውን ነው። የኢኤስሊንት ሰዎች ራሳቸው በ2023 የፎርማት ደንቦቻቸውን ጊዜ ያለፈባቸው ብለው ወደ ጎን አድርገዋቸዋል፤ ያን ሥራ ፎርማተር (የኮዱን አቀማመጥ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ይሥራው ነው ነገሩ። እስከዚያ ድረስ የቪኤስ ኮዱ የኢኤስሊንት ኤክስቴንሽን ውስጥ «ሩልስ ከስተማይዜሽንስ» የሚል ሴቲንግ አለ። ሲአዩን ሳይነካ ኤዲተሩ ላይ ብቻ እነዚህን ዝቅ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ቀይ ስታዩ የምር ይሆናል።

አራተኛውን ቶሎ ልለፈው። ቋንቋ የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ለተጠቃሚው ቁልፉን ሰጥተዋል። የረስት ቋንቋ እያንዳንዱን ሊንት (የኮድ ምርመራ ደንብ) «አላው»፣ «ዋርን»፣ «ዲናይ»፣ «ፎርቢድ» ማድረግ ያስችላል። ሲ ሻርፕ ላይ በ«ኤዲተር ኮንፊግ» ፋይል አንድ መስመር ጽፎ የአንዱን ኮድ ክብደት ለቡድኑ ሁሉ መቀየር ይቻላል። ኤክሊፕስ የተባለው ኤዲተር ለጃቫ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይህን ሰጥቷል። ምክንያትም አለው። ጂሲሲ ሰፊውን ቁጥር ወደ ጠባብ ዓይነት ስታፈሱት የሚያስጠነቅቀውን «ደብሊው-ኮንቨርዥን» በ«ደብሊው-ኦል» ውስጥ አላካተተም፤ ለአብዛኛው ኮድ ጫጫታ ይበዛል። የሰው ሒሳብ የሚያሰላ ቡድን ግን ያንኑ ዋርኒንግ ኤረር ቢያደርገው ማን ይፈርድበታል? ኮምፓይለሩ ኮዱ የባንክ ይሁን የጨዋታ አያውቅም።

የመጨረሻው የጀማሪዎቹ ነው። እዚህ ላይ የጸሐፊው አሳቢነት ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን ተማሪውን ይጎዳዋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ፕሮግራሚንግን በሲ ፕላስ ፕላስ ያስጀምራሉ። ተማሪው ቫሪያብሉ ከ5 ጋር እኩል መሆኑን ሊጠይቅ «ኢፍ» ውስጥ ሁለት የእኩል ምልክት መጻፍ ሲገባው አንድ ይጽፋል። ሕጋዊ ኮድ ነው። ቀይ የለም። ኮምፓይል ይሆናል፣ ይሄዳል። ማወዳደሩ ቀርቶ 5 ቫሪያብሉ ውስጥ ይገባል፣ ቅድመ ሁኔታውም ሁልጊዜ እውነት ይሆናል። ፕሮግራሙ ለሁሉም ተማሪ «አልፈሃል» ብሎ ያትማል። ጂሲሲ ያለ «ደብሊው-ኦል» ትንፍሽ አይልም። ሲበራለት ግን መስመሩን ጠቅሶ፣ ማስገባት ፈልገህ ከሆነ ቅንፍ ጨምርበት ይለዋል። ዋጋ ሳይሰጠው የሚነበብ ቫሪያብልም፣ ዓይነቱ ያልገጠመ የ«ፕሪንትኤፍ» ፎርማትም እንዲሁ ነው። ጀማሪ የሚሳሳታቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ቢጫ ናቸው። ቀዩን ኮምፓይለሩ አስገድዶ ያስተካክለዋል፤ ቢጫው ከተደበቀበት ማታውን ሙሉ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ያድራል።

ተማሪውን የሚያስደነግጠው ቀለሙ ሳይሆን ብዛቱ ነው፤ አንድ ሴሚኮለን ረስቶ ሃያ መስመር ሲወርድበት። ለዚህ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ነው። ጂሲሲ ላይ «ደብሊው-ፌታል-ኤረርስ» የሚባል ምርጫ አለ፤ የመጀመሪያው ኤረር ላይ ያቆማል። ክላንግም ያውቀዋል። ከ«ደብሊው-ኦል»ና ተጨማሪ ዋርኒንጎችን ከሚያበራው ከ«ደብሊው-ኤክስትራ» ጋር አብሮ ይበራለት። ዋርኒንጎቹ ይታዩታል፣ ኤረሩ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይሆናል። አስተማሪ የላቦራቶሪ ማሽኖቹን ሲያዘጋጅ ሦስቱን ምርጫዎች የኮምፓይለሩ ሴቲንግ ውስጥ አንዴ ቢጽፋቸው ለሴሚስተሩ ይበቃል።